የሰንሰለት ነገር፦ ከገዳሪፍ እስከ መተማ



ትንንሽ የጦር ተሽከርካሪ ሞዴል በመሥራት የዕረፍት ሰዓታቸውን የሚያሳልፉ የሠራዊቱ አባላት እየበዙ በመሄዳቸው ለዚህ አምድ የሚደርሱት ጥያቄዎችም በዚያው መጠን በዝተዋል። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ ስለ አካሉ ቀለም፣ ስለ መድፉ አፈሙዝ፣ ስለ ቁጥሩና ስለ ምልክቱ ናቸው። ስለ ሰንሰለቱ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ሰንሰለት ከኪቱ ሳጥን በመጨረሻ የሚወጣ፣ በችኮላ የሚጠቀለል፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚተው ክፍል ሆኗል። ይህ ልማድ የማያዋጣ መሆኑን ለማሳየት ወረንጦና ሞረድ ከማንሣታችን በፊት በምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ የተፈጸመ አንድ ታሪክ ብናነሣ ይሻላል።

ገዳሪፍ ከከሰላ ወርዶ ወደ ሰናር የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ የደረሰላት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በዶካ በኩል አድርጎ እስከ ጋላባት የሚዘልቀው 150 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን በአብዛኛው የመረሬ ምድር ነው። ጋላባትና መተማ በአንድ ጠባብ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ሆነው ይተያያሉ። መተማ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁባት ስፍራ መሆኗን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስታወስ አያሻም። ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. መጨረሻ ወንዙን ተሻግሮ የጋላባትን ምሽግ ከእንግሊዝ እጅ ወሰደ። ምሽጉን የማስመለሱ ተግባር፣ በኋላ በበርማ ዘመቻ ስማቸው ለገነነው፣ ያን ጊዜ ግን ብርጋዴር ለነበሩት ለዊልያም ስሊምና ለ10ኛው የሕንድ ብርጌድ ተሰጠ።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጋት ላይ ማጥቃቱ ተጀመረ። ከብርጌዱ ጋር 12 ታንኮች ተሰልፈው ነበር። ስድስቱ ክሩዘር የሚባሉት፣ ስድስቱ ደግሞ ቀላል ታንኮች ናቸው። ምሽጉ በማለዳው ተያዘ። ይሁን እንጂ ወንዙን ተሻግሮ በሽቦ የታጠረችውን መተማን ለመምታት ጊዜው ሲደርስ ታንኮቹ ቆመው ተገኙ። ከክሩዘሮቹ አምስቱ፣ ከቀላሎቹም አራቱ በፈንጂና በድንጋይ ሰንሰለታቸው ተበጥሶ፣ ወይም ሌላ ብልሽት አግኝቷቸው ከውጊያ ውጪ ሆነዋል። መለዋወጫ የጫነው ካሚዮን ደግሞ በጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ ወደመ። ከአሥራ ሁለት የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው።

ስሊም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት የትዝታ መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ የባሰ ነገር ጽፈዋል። ታንከኞቹ ለጥገና ከታንካቸው ሲወርዱ ጥቁር ቤሬት አድርገው ስለ ነበር የገዛ እግረኛ ወገናቸው ጣሊያን መስለውት ተኮሰባቸው። ሰንሰለት የተበጠሰበት ታንከኛ ሊያደርገው የሚችለው ነገር መውረድ ብቻ ነው፤ ሲወርድም ከብረቱ ሽፋን ውጪ ነው። በዚያ ቀን ከሰማይ ቦምብ፣ ከኋላ የወገን ጥይት ወረደበት። ብርጌዱም መተማን ሳይዝ፣ የተያዘውንም ምሽግ ለቆ ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ተገደደ። ይህ ሁሉ የሆነው በሰንሰለት ምክንያት ብቻ ነው ማለታችን አይደለም፤ የአየሩን የበላይነት የያዘው ጣሊያን ነበር። ነገር ግን የዚያን ቀን ታንክ በጠረጴዛችን ላይ ስንሠራ የሥራው ዋና ነገር የቱ እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ሞዴል ለመሥራት ግን ከታንኮቹ ይልቅ የሚመቸን ከሦስት ወር በኋላ በዚያው መንገድ ያለፈ ሌላ ባለ ሰንሰለት ተሽከርካሪ ነው። ጣሊያን መተማን ለቆ ወደ ጎንደር ሲያፈገፍግ መንገዱን በፈንጂ ዘርቶት ሄደ። ከጥር 23 ለ24 አጥቢያ 1933 ዓ.ም. ጀምሮ አሳዳጁን ጦር እየመራ መንገዱን እንዲጠርግ የታዘዘው የቦምቤይ መሐንዲሶች ባልደረባ የሆነ የ22 ዓመት ሕንዳዊ ምክትል የመቶ አለቃ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ነበር። ባጋት ብሬን ካሪየር በምትባል ትንሽ ክፍት ተሽከርካሪ ከሁሉም ፊት ተቀምጦ አራት ቀን ተጓዘ። 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ 15 የፈንጂ ወረዳዎችን አገኘ፤ አስጠረገም። ካሪየሩ ሁለት ጊዜ ፈንጂ ረግጣ ፈነዳች፤ አብረውት የነበሩ ሰዎችም ተጎዱ። በሦስተኛው የደፈጣ ተኩስ ተከፈተበት። የአንድ ጆሮው ታምቡር ተቀዶ፣ በድካምም ዝሎ ሳለ ተተኪ ይምጣልህ ሲባል እምቢ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ከተሸለሙት ሕንዳውያን የመጀመሪያው እርሱ ነው። በኋላም በአገሩ ጦር እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደርሷል።

እንግዲህ የምንሠራው የዚያችን ካሪየር ሰንሰለት ይሆናል።

ካሪየሯ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ65 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ1/35 መጠን ስትሠራ ከ10 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አትበልጥም። በነገራችን ላይ ይህ 1/35 የተባለ እንግዳ ቁጥር ከየት መጣ ለሚሉን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚሄድ አድርጎ ሲያወጣ አካሉን የለካው ሞተሩና ሁለት ባትሪ ድንጋይ እንዲገቡበት አድርጎ ነው። ከዚያ ወዲያ ሲሰላ 1/35 ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ስንትና ስንት መሐንዲስ የተጨነቀበት የሚመስለን መጠን የባትሪ ድንጋይ ልክ መሆኑ ነው! ዛሬ በገበያ ያለው የታሚያ ኪት ዩኒቨርሳል ካሪየር ማርክ 2 የተባለውን የኋለኛውን ዓይነት የሚያሳይ ስለ ሆነ በአካሉ በኩል ጥቂት ልዩነት አለው። በጎማና በሰንሰለት በኩል ግን ልዩነቱ የሚያስጨንቅ አይደለም።

በመጀመሪያ ጎማዎቹን እንመልከት። በእያንዳንዱ ጎን ሦስት የመንገድ ጎማ አለ። ሁለቱ ከፊት ተጣምረው፣ አንዱ ከኋላ ለብቻው ተቀምጠዋል። ሰንሰለቱን የሚጎትተው ጥርሳሙ ጎማ ከኋላ ነው፤ ሰንሰለቱን የሚወጥረው ደግሞ ከፊት። የዚህች ተሽከርካሪ ልዩ ጠባይ በመሪዋ ላይ ነው። አሽከርካሪው መሪውን ጥቂት ሲያዞር የፊተኞቹ ጥምር ጎማዎች ወደ ጎን ተገፍተው ሰንሰለቱን እንደ ቀስት ያጎብጡታል፤ ተሽከርካሪዋም በዚያው ጉብጠት አቅጣጫ ትዞራለች። በደንብ ሲያዞረው ብቻ የአንዱ ጎን ፍሬን ይያዛል። ስለዚህ መታጠፊያ ላይ የቆመች ካሪየር ለመሥራት የሚፈልግ ሰው መሬት የነካውን የሰንሰለት ክፍል በጣም በጥቂቱ ወደ ጎን ማጉበጥ ይገባዋል። ይህን ያደረገ ሞዴል እስካሁን ያየነው ጥቂት ነው። ሲታይ ግን ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል።

የሰንሰለት ኪት ሦስት ዓይነት ነው። የቆየው ዓይነት ላስቲክ መሰል ጥብጣብ ሲሆን ሁለት ጫፉ በጋለ ጠመንጃ መፍቻ ወይም በጋለ ሚስማር ተቀልጦ ይያያዛል። ይህ ዓይነት ቀላል ቢሆንም አንድ መጥፎ ባሕርይ አለው። ላስቲኩ ውስጥ ያለው የሚያለሰልስ ኬሚካል በዓመታት ብዛት የፕላስቲኩን ጎማ ይበላዋል። ቀለም ሳይቀቡ ጎማ ላይ ማሳረፍ አይገባም። ሁለተኛው ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቁርጥራጮችና ለመታጠፊያው የሚሆኑ ነጠላ ቁራጮች የተቀላቀሉበት ነው። ሦስተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነጠላ ነጠላ የሆነው ነው፤ ሥራውም ጸሎት ከሚያደርግ መነኩሴ ትዕግሥት የሚስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። ለጀማሪ ሁለተኛውን እንመክራለን።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስንገጥም ቁራጮቹን ከፕላስቲክ ክፈፋቸው በምላጭ ቆርጠን፣ የቀረውን ጉጥ በሞረድ ወይም በደቃቅ ካርታ ቬትሮ እናስተካክላለን። በአንድ ጊዜ አሥር አሥሩን ብቻ ማጽዳት ይበጃል። ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ ያለ ሰው ሃያኛው ላይ ሲደርስ ሥራው ይበላሽበታል። ከዚያም አንድ የእንጨት ማስመሪያ በጠረጴዛ ላይ አስተኝተን፣ ቁራጮቹን ማስመሪያውን ተደግፈው ቀጥ ብለው እንዲሰለፉ አድርገን፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ፈሳሽ ኮላ በቀጭን ቡርሽ በየመጋጠሚያው እናስነካለን። ዋናው ምሥጢር ከዚህ በኋላ ነው። ኮላው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ግን ቁራጮቹ እርስ በርሳቸው መያያዛቸው ሲታወቅ፣ ይኸውም ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሰንሰለቱን አንሥተን በጎማዎቹ ዙሪያ እንጠመጥመዋለን። ከጥርሳሙ ጎማ እንጀምር፤ ጥርሱ በየቀዳዳው ካልገባ ሌላው ሁሉ ይዛባልና።

በላይ በኩል ያለው የሰንሰለቱ ክፍል በራሱ ክብደት ጥቂት መርገብ አለበት። እውነተኛው ሰንሰለት ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ይከብዳል። ሞዴሉ ግን ላባ ስለሚያክል በራሱ አይረግብም። ስለዚህ የጥጥ ቁራጭ ወይም ስፖንጅ ከላይ ሸጉጠን ወደ ታች ተጭኖት እንዲያድር እናደርጋለን። ምን ያህል ይርገብ ለሚለው እንደ ተሽከርካሪው ነው። የቲ-55 ታንክ የላይ ተሸካሚ ጎማ ስለሌለው ሰንሰለቱ በመንገድ ጎማዎቹ ራስ ላይ ተኝቶ ይታያል። በእያንዳንዱ ጎን ዘጠና ያህል ቁራጭ የያዘ ከባድ ብረት ነውና። የካሪየሯ ሰንሰለት ግን ጠባብና ቀላል ስለ ሆነ እምብዛም አይንዘላዘልም። በማግስቱ ሰንሰለቱ እንደ ደረቀ ቀለበት ሆኖ ከነቅርጹ ከጎማዎቹ ይወጣል። ለብቻው ቀለም ተቀብቶ ይመለሳል።

ኪት ማግኘት ያልቻለ አንባቢ ተስፋ አይቁረጥ። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ጠባብ ጥብጣብ ቆርጦ፣ በላዩ ላይ ከቀጭን ካርቶን የተቆረጡ እኩል እኩል ቁራጮችን በእኩል ርቀት ቢያጣብቅ ከሩቅ የሚያምር ሰንሰለት ይወጣዋል። ካርቶኑን አስቀድሞ በቫርኒሽ ማስጠጣት ግድ ነው፤ አለዚያ ቀለሙን ጠጥቶ ያብጣል።

አሁን ወደ ማስረጀቱ እንለፍ። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነን ብርቱካን የመሰለ ዝገት በሰንሰለት ሁሉ ላይ ሲፈስ ማየታችን ነው። የሚሄድ ተሽከርካሪ ሰንሰለት እንዲያ አይዝግም። ዝናብ ከመታው በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ቀላ ይል ይሆናል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን ይጠራል፤ ከዚያም የሚታየው ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ነው። መሬት የሚነካው ጠርዝና ጎማው የሚሽከረከርበት የውስጥ መሥመር ደግሞ ተፈትጎ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ስለዚህ መነሻው ቀለም ጥቁር፣ ቡናማና ጥቂት ግራጫ የተደባለቀበት ይሁን። እርሱ ሲደርቅ የዝገት ቡናማ ቀለም በአኳራጅ በጣም አቅጥነን በየስንጥቁ እናፈስሳለን። የሚፈተገውን ጠርዝ ለማብለጭለጭ ከልጆች የትምህርት ቤት እርሳስ የተሻለ ነገር አላገኘንም። የእርሳሱን ጫፍ በካርታ ቬትሮ ፈጭተን ዱቄቱን በጣት ማሸት ብቻ ነው። ከጥርሳሙ ጎማ እምብርት ላይ አንድ ጠብታ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቡናማ ቀለም ብናደርግ ያፈተለከ ግራሶ ይመስላል። ከአንድ በላይ ከሆነ ግን ጥገና የማያውቅ ሠራተኛ ያስመስላል።

ከዚያ አፈሩ ይመጣል፤ ገዳሪፍን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ብልጫ አለው። ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት ያለው ምድር የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። በትራክተር የሚታረሰው ሰፊው እርሻ የተጀመረው በዚያው ጦርነት ማብቂያ ዘመን ሲሆን፣ ከእኛም ወገን ስንቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወንዙን ተሻግሮ ሄዷል። መሬቱ መረሬ ነው። በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ይለጠፋል፤ በሰንሰለትና በጎማ መካከል እየተጠቀጠቀ እንደ ሊጥ ይጋገራል። ያን ጊዜ ቀለሙ ጥቁር ነው። በበጋ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ቀለሙም ወደ አመድ ይለወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ጥቁር አፈር ሲባል ጥቁር ቀለም ይቀባል። የጥር ወር ግን የደረቅ ወቅት ነው። የባጋት ካሪየር ላይ የሚኖረው እርጥብ ጭቃ ሳይሆን አመድ የመሰለ ብናኝ ነው፤ በየጉድጓዱ ውስጥ የተጠቀጠቀ፣ ከሚፈተገው ጠርዝ ላይ ግን የተራገፈ። መንገዱ ከመተማ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጭልጋ ደጋ ሲያቀና አፈሩ እየቀላ ይሄዳል። ስለዚህ ከግራጫው ብናኝ በላይ ስስ የቀይ አፈር ብናኝ የደረበ ሠሪ የአራት ቀኑን ጉዞ ያለ ጽሑፍ ያስነብባል። የጥቅምቱን የጋላባት ታንክ ለመሥራት የመረጠ ደግሞ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና በሰንሰለቱ መካከል ደርቆ የቀረ ሣር ቢጨምርበት አይሳሳትም።

ብናኙን ከራሱ ከአፈር መሥራት ይቻላል። አፈሩን ከበራፋችን ወስደን፣ በአሮጌ ቆርቆሮ እሳት ላይ አምሰን ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ ካቃጠልን በኋላ፣ በአሮጌ የናይሎን ካልሲ ሁለት ጊዜ መንፋት ነው። ያልታመሰ አፈር ሻጋታ ያወጣል። (ማመሻው ቆርቆሮ ይሁን ብለናል። በእንጀራ ምጣድ ያመሰ ሰው ለሚደርስበት ነገር ይህ አምድ ኃላፊ አይሆንም።) በነጭ ኮላ ላይ ውሃ አብዝተን፣ አፈሩን በሰንሰለቱ ላይ በደረቁ ነስንሰን፣ ከጎን በኩል በጠብታ እናስጠጣለን። ሲደርቅ መልኩ ስለሚጠቁር አፈሩን ከእውነተኛው ጥቂት አንጥቶ መነሣት ይገባል። ለዚህም ጥቂት የኖራ ዱቄት ይበቃል።

አፈር ፍለጋ ግን ከበራፍ አትራቁ። ከእውነተኛው የጦር ሜዳ አፈር ቢገኝ እንዴት ያምር ነበር የሚሉ አሉ። የጦርነት ስፍራ አፈር ውስጥ ምን እንዳለ ከላይ የባጋትን ታሪክ ስንተርክ ተናግረናል። ፈንጂ ዓመት አይቆጥርም፤ ለአንድ ማንኪያ አፈር የሚከፈል እግር የለም። ልጆች ከሜዳ ያመጡትን ያልታወቀ ብረትም ለሞዴል ብላችሁ አትቀበሉ፤ ካገኙት እንዳይነኩት፣ ለቅርብ አዛዥ እንዲነግሩ አስተምሯቸው።

በመጨረሻም ከቤተሰብ ሰፈር አንዲት እመቤት ለላኩልን ጥያቄ መልስ መስጠት አለብን። ባለቤታቸው ማታ ማታ ሞዴል የሚሠሩት ሕፃን ልጃቸው በምትተኛበት በአንዱ ክፍል በመሆኑ፣ የኮላውና የቀለሙ ሽታ ይጎዳት እንደ ሆነ ጠይቀዋል። ነገሩን ለባለቤታቸው ሲያነሡ "ይህ ቀለም እንጂ መርዝ ነው እንዴ?" የሚል መልስ እንዳገኙም ጽፈዋል። እመቤቴ፣ ሥጋትዎ ትክክል ነው። አኳራጅ፣ ፈሳሽ ኮላና የቀለም ማቅጠኛ ሁሉ ጭሳቸው ሳንባንና ራስን ይጎዳል፤ ሕፃን ደግሞ ከትልቅ ሰው ይልቅ በቶሎ ትጎዳለች። ሁሉም በእሳት በቀላሉ ይያያዛሉ፤ ከሰል ምድጃ ባለበት ክፍል ሊከፈቱ አይገባም። መቁረጥና መሞረድ ከልጅ ርቆ በቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ማጣበቅና መቀባት ግን ከቤት ውጪ፣ ነፋስ ባለበት በረንዳ ላይ ይሁን፤ ሰንሰለቱም እስኪደርቅ ከውጪ ይደር። ነጠላ ቁራጮቹ የሽምብራ ፍሬ እንኳ አያክሉምና የምትድህ ልጅ ካገኘቻቸው ወደ አፏ ትወስዳለች። ስለዚህ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ተቆጥረው ይግቡ፤ ሥራው ሲያልቅም ተቆጥረው ይውጡ። እርስዎም ባለቤትዎም፣ የታንኩ ባለሙያ ጥይቱን እንደሚቆጥር ቁራጮቹን ቢቆጥሩ አያፍሩበትም።

ለባለቤታቸው የምንለው አንድ ነገር አለ። ፈንጂ የረገጠች ካሪየር መሥራት ካሰቡ የተበጠሰው ሰንሰለት እንደ ገመድ ተጥመልምሎ አይወድቅም። ተሽከርካሪዋ ከመቆሟ በፊት ጥቂት ስለምትሄድ ሰንሰለቱ ከጎማው እየተፈታ በስተኋላዋ መሬት ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። የውስጡ ብርማ መሥመርም ወደ ሰማይ ይዞራል። በዚያ በኩል ያለው ጎማ ባዶውን መሬት ውስጥ ይጠልቃል፤ አካሉም ወደዚያው ያዘነብላል። ይህን ለመሥራት ነጠላ ቁራጮች ያስፈልጋሉና፣ በረንዳው ላይ የማስመሪያው ቦታ ሰፋ ብሎ ይዘጋጅ።